ጮቄ ላይ ሰልፉን ገለበጥነው

ባለፈው ቅዳሜ ቡድናችን የጮቄ ተራራን ሸንተረር ይዞ ሲጓዝ ዋለ። በዚህ ዙር የለወጥነው አንድ ነገር ቀኑን ሙሉ ስለጠቀመን ላካፍላችሁ።

እኛ የደብረ ማርቆስ ልጆች ከፍታ የለመድን ይመስለናል። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 4,000 ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ጎበዝ ሯጭም ቢሆን እዚያ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ድሮ ጉልበተኛው ይቀድምና ከፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የኋለኛው እያለከለከ ሲደርስ እሱ አርፎ ጨርሶ ይነሳል። እረፍት የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይቀጥላል ማለት ነው። አሁን ቀስ የሚለውን ሰው ከመሪው ቀጥሎ አደረግነው፤ ጠንካሮቹ ከኋላ ሆኑ። ፍጥነታችንን የምንለካው በወሬ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳንቋረጥ መናገር ካቃተን ፈጥነናል። በዚህ ዳገቱን ማንም ሳይቀር ወጣነው። በእውነት ደስ ይላል!

ቀስ ማለት ዓይንም ይከፍታል። የአስታው ዛፍ አልቆ የጓሳው ሣር ሲጀምር ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች ብቅ ብቅ አሉ። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያሳድግ ይኖርና አንዴ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ያበበው ከእኛ ቁመት በእጥፍ ይበልጣል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ወይን ጠጅና ሰማያዊ የተቀላቀለባቸው ትንንሽ አበቦች ከግንዱ ዙሪያ ተጠቅጥቀዋል። የደረቀውን ደግሞ በጣት አንኳኩት፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ እንደ ከበሮ ይመልሳል።

ከላይ ሆኖ ማየቱን ለብቻው ብጽፈው ይሻለኝ ነበር። የጨሞጋ፣ የሙጋና የሱሃ ወንዞች ሁሉም የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነው። አባይ ጎጃምን ስለሚዞራት ዝናቡ በየትኛውም ጎን ቢወርድ መድረሻው እሱው ነው። የገብስና የድንች እርሻው ግን ወደ ላይ እየገፋ ጓሳው እየሳሳ ነው። ውሃውን ይዞ የሚያቆየው ጓሳው በመሆኑ ነገሩ ያሳስበኛል። እባካችሁ ስትሄዱ ከመንገዱ አትውጡ።

ስንቃችን ቆሎና የበሶ ጭብጦ ነበር፤ ብርድ ላይ ከብስኩት በጣም ይሻላል። ከቀትር በኋላ መንገድ ያሳዩን አባት «ልጆቼ፣ ጉሙ ሳይሸፍነን እንውረድ» አሉን፤ ወዲያው ተነሳን። ቁልቁለቱ ጉልበት ላይ ስለሚበረታ ዱላ የያዙት ቀለል ብሏቸው ወረዱ።

ቀጣዩ ጉዞ በድጎ ጽዮን ከተማ በኩል ነው። ለመምጣት ያሰባችሁ፣ አዲስ ጫማ ከገዛችሁ ከአሁኑ ከተማ ውስጥ እያደረጋችሁ ልመዱት።