የስድስት ወር ልጅ ሆድና የቀጠነ አጥሚት

በአገራችን ስለ ሕፃናት አመጋገብ ሲነሣ ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ በጡት ማጥባት ይጀምርና እዚያው ያበቃል። እኔ ግን ሁለት ልጆች እንዳሳደገች እናት ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ ከስድስት ወር በታች ከነበሩ ሕፃናት 59 በመቶ የሚሆኑት ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ ግን በዓይነቱም በድግግሞሹም ዝቅተኛውን መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙ የነበሩት 11 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚጠበቀውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ።

ነገሩን በድህነት ብቻ ማስረዳት ይቀናናል፤ ድህነቱ እውነት ነው፣ ሠርቶ የማይበቃው ቤተሰብም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ዳሰሳ እጅግ የተሻለ ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች መካከል እንኳ 26 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ጤፍና ስንዴ ለሌላው የሚተርፈው የአማራ ክልልም 46 በመቶ በማስመዝገብ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ነበር። እህሉ ጎተራ ውስጥ እያለ ወደ ልጁ አፍ ሳይደርስ የሚቀርበት ምክንያት አለ ማለት ነው፤ እኔ እንደማየው ከምክንያቶቹ አንዱ የምንሰጠው ምግብ መቅጠኑ ነው።

ልጅ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃውም፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን አነስተኛ ነው፣ ልጁ በማሕፀን ሳለ ያጠራቀመውም በዚህ ዕድሜ እያለቀ ይመጣል። ጡት የሚጠባ ልጅ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ከምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ማግኘት አለበት፤ ዓመት ሲሞላው ይህ ወደ 550 ያድጋል። የልጁ ሆድ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ240 ሚሊ ሊትር በላይ አይችልም። ይህችን ጠባብ ቦታ በቀጭን አጥሚት ከሞላናት ልጁ ይጠግባል፣ ይተኛል፣ እናቱም ደስ ይላታል፤ የገባለት ግን ባብዛኛው ውኃ ነው።

ስለዚህ ገንፎው ማንኪያው ላይ ተቀምጦ የሚቆይና ሲዘነብል ቶሎ የማይፈስ መሆን አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ማንኪያ ይበቃል፤ እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ መመገብ፣ በመካከሉም እንደ ሙዝ ወይም አቮካዶ ያለ መክሰስ መጨመር ይመከራል። ወፍራሙ ገንፎ ለልጁ ከከበደው ውኃ ከመጨመር ይልቅ ጥቂት የብቅል ዱቄት ጨምሮ አብሮ ማብሰል ይሻላል፤ ብቅሉ ገንፎውን ያለሰልሰዋል፣ ምግብነቱን ግን አይቀንስበትም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤም ሆድ ሳይሞላ ጉልበት ይጨምራል።

ሌላው ሁልጊዜ የምከራከርበት ነገር ምጥን ነው። አማቴ ገብሱን፣ ስንዴውን፣ አጃውን፣ ጤፉን፣ ሽምብራውንና አተሩን ለቅማ፣ አጥባ፣ አምሳ ስታስፈጭ የምታወጣው ድካም ከልብ የሚመሰገን ነው፤ ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ የሚለው ልኬትም ትክክለኛ ነው (ጓያ ብቻ አይግባበት)። ችግሩ ዐሥራ ሁለት ዓይነት እህል ያለበትን ምጥን ዐሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ አድርገን መቁጠራችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብን በስምንት ምድብ ይከፍልና ልጁ በየቀኑ ቢያንስ ከአምስቱ እንዲያገኝ ይመክራል፦ የእናት ጡት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ሥጋና ዓሣ፣ ዕንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬዎች፣ እንዲሁም ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬዎች። ያ ሁሉ የተደከመበት ምጥን በዚህ አቆጣጠር ሁለት ምድብ ብቻ ነው። ዕንቁላል ሲመታበት ሦስት ይሆናል፤ የተፈጨ ካሮት፣ ዱባ ወይም ጎመን ሲገባበት አራት፤ ከጡቱ ጋር አምስት ሞላ።

ዕንቁላሉ ግን በብዙ ቤት ለገበያ ይወጣና በምትኩ ብስኩት ይገዛል። ሥጋና ጉበትም «ጥርስ ሳያወጣ» ተብለው ይዘገያሉ፤ በደንብ የበሰለና የደቀቀ ጉበት ግን ጥርስ አይፈልግም፣ ብረትም እንደ እርሱ የሚሰጥ ምግብ ጥቂት ነው። ጉበት ለማይገኝበት ቤት የሽሮ ወይም የምስር ፍትፍት ከጥቂት ቲማቲም ጋር፣ በኋላም ብርቱካን ቢሰጥ፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ስለዚህ ለታዳጊ ልጅ ዳቦ በሻይ ነክሮ ማብላት ቢቀር እመርጣለሁ። ማር ዓመት ሳይሞላው ፈጽሞ አይሰጥም፤ ለጨቅላ አደገኛ የሆነ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

በኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ዘንድ ጾሙን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት ሲታከሉ ከ180 ቀን ያልፋል፤ የዓመቱ ግማሽ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ይጹም አትልም፤ እናቶችም ሆን ብለው ልጃቸውን አያስጾሙም። ነገር ግን የጿሚ ቤት ድስትና ማንኪያ በቅቤ እንዳይነካ ሲባል ለልጁ ተለይቶ የሚሠራለት ይጠፋል፣ ሥጋ ቤቱም ይዘጋል፣ ከስድስት ወር ወደ ዓመት የሚሸጋገረው ልጅ ሳይታወቅ ከቤተሰቡ ጋር ይጾማል። መፍትሔው ትንሽ ነው፦ የልጁ የሆነች አንዲት ድስት፣ አንድ ሳሕንና ማንኪያ ለብቻ ማስቀመጥ። በጾሙ ወቅት ዕንቁላል ከገበያ አይጠፋም፣ ወተትም እንዲሁ። የምታጠባ እናትም ስለ ራሷ ጾም ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ አቅሟን ብታስረዳ ነውር የለበትም፤ ብዙ ካህናት ይህን በርኅራኄ ያዩታል።

ስለ አመጋገቡ ሥርዓትም ልናገር። ልጅን አንጋሎ፣ እጅን አፉ ላይ አድርጎ አጥሚት መጋት በብዙ ቦታ አሁንም አለ፤ የሚያደርጉትም ልጁ እንዳይራብ ከማሰብ ነው። ሆኖም ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ልጁም ምግብ ባየ ቁጥር መራቅን ይለምዳል። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ እያጫወቱና ፊቱን ሲያዞር እየጠበቁ መመገብ ጊዜ ይወስዳል፤ አዲስ ምግብም አንድ ጊዜ ስለተፋው ጠላው ማለት አይደለምና በሌላ ቀን ደግሞ መሞከር ነው።

ጊዜው ከየት ይምጣ የምትለው ሠራተኛ እናት ሐሳቧ ይገባኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀናት ነው፤ ስድስት ወር አይሞላም። ታልቦ የሚቀመጥ የጡት ወተት በፍሪጅ እስከ አራት ቀን፣ ከፍሪጅ ውጭ ደግሞ ሙቀት ባልበዛበት ክፍል እስከ አራት ሰዓት ይቆያል፤ ከጡጦ ይልቅ በስኒ መስጠት ለጽዳት ይቀላል። ጠዋት የተሠራ አጥሚት በፔርሙዝ እስከ ማታ ማቆየት ግን ለተቅማጥ በር ይከፍታል፤ ደረቅ ምጥኑን ሰፍሮ ትቶ ሞግዚቷ ለየማዕዱ አዲስ እንድትሠራ ማሳየት ይሻላል።

ልጁ ከታመመ፣ በተለይ ተቅማጥ ከያዘው፣ ምግብ መከልከል አይገባም። ጡቱን አብዝቶ ማጥባት፣ የሚወደውን ለስላሳ ምግብ ጥቂት በጥቂት ደጋግሞ መስጠት፣ ከጤና ጣቢያ ኦአርኤስ (የጠፋውን ፈሳሽ ለመተካት በውኃ የሚበጠበጥ ቅመም) እና ዚንክ ተቀብሎ ዚንኩን እስከታዘዘው ቀን ድረስ መጨረስ ያስፈልጋል። ከዳነም በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ማዕድ ቢጨመርለት የቀነሰውን ክብደት ይመልሳል።