አንድ እጅ ለመሣሪያው

2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ረዳት ቀያሽ ሆኜ ከተቀጠርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በኩል፣ የከተማው ግንባታ ከገበሬው ማሳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ለውኃ መውረጃ ቦይ ችካል እንድንተክል ተላክን። ማደሪያችን ማሳ ዳር የቆመ ኮንቴይነር፣ ቆይታችን ሦስት ሳምንት ነበር።

እኔ ባለ ጎማ ትልቅ ሻንጣ ሞልቼ መጣሁ። ስድስት ሸሚዝ፣ ሁለት ጃኬት፣ ሦስት ጥንድ ጫማ፣ ትራስ፣ ካውያ ሳይቀር። የቡድኑ መሪ ጋሼ በትከሻቸው ያንጠለጠሏት አንዲት ቦርሳ ብቻ ነበረች። ሻንጣዬን ፒካፑ ላይ ስጭን አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ጋቢያቸውን አወጡና አጣጥፈው ማዕዘንና ርቀት ከምንለካበት መሣሪያ፣ ከቶታል ስቴሽኑ፣ ሳጥን ሥር አነጠፉት። መንገዱ ሲያነጥረን ሳጥኑ ጋቢው ላይ ረግቶ ተቀምጧል። የእኔ ሻንጣ ግን ከወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተ ሳጥኑን ይገፋው ስለነበር መንገዱን ሙሉ በእግሬ ደግፌ ያዝኩት።

ያ አካባቢ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያብጥና ጫማ ይዞ ያስቀራል። ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ አፈር ነው፤ ለመኪና ግን አይሆንም። ጠጠሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ሾፌሩ ቆመ። ከዚያ እስከ ኮንቴይነሩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ነው።

ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሼ ትራይፖዱን፣ የመሣሪያውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ተሸከሙና «መሣሪያውን አድርሰህ ለሻንጣህ ተመለስ፤ አንድ እጅ ለመሣሪያው፣ አንድ እጅ ለራስህ ይሁን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሳቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ ግን ዝናቡ ልብሴን ሳያበሰብሰው ልድረስ ብዬ ሁለቱንም አነሳሁ። የሻንጣው ጎማ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጭቃ ጠቅጥቆ መዞር አቆመ። በጎኑ አንጠለጠልኩት። መንገዳችንን የሚያቋርጠውን አሮጌ ቦይ ስሻገር ግራ እግሬ ከዳኝ፤ ሻንጣው ወደ ታች ሲስበኝ የሳጥኑ እጀታ ከቀኝ እጄ አመለጠ። ሳጥኑ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሰጠው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሳጥኑ ከላይ ጭረት እንኳ አልነበረውም። ጭቃውን ጠርጌ ዝም ልል እችል ነበር፤ እስከ ማታም ዝም አልኩ። እራት ላይ ግን እህሉ አልወርድ አለኝ።

«ጋሼ፣ መሣሪያው ወድቆብኛል።»

«የት ላይ?»

«ቦዩ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ።»

ጉርሻቸውን ዋጡና «መናገርህ ደግ ነው። አሁን አንነካውም፤ ነገ በብርሃን እናየዋለን» አሉ።

በማግስቱ ቶታል ስቴሽኑን አቁመን ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ጫፍ ላይ አነጣጠርን። ማዕዘኑን አንብበን፣ የመሣሪያውን መነጽር ገልብጠንና መሣሪያውን አዙረን ያንኑ ጫፍ ደግመን አነበብን። ሁለቱ ንባቦች ልክ በ180 ዲግሪ መለያየት አለባቸው። የእኛዎቹ 80 ሴኮንድ ያህል ጎደሉ፤ በማዕዘን ልኬት አንድ ዲግሪ 3,600 ሴኮንድ ነው። ግማሹ፣ 40 ሴኮንዱ፣ የመሣሪያው ስህተት ነው። በወረቀት ሲያዩት ኢምንት ነው፤ 300 ሜትር ላይ ግን ችካሉን ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ያስታል። የሁለቱን ንባቦች አማካይ ወስደን እንሥራ ብዬ ነበር። ጋሼ «ከወደቀ በኋላ ሌላ ምን እንደተናጋ በምን እናውቃለን?» ብለው ሳጥኑን ዘጉ። መሣሪያው ለማስተካከያ ከተማ ተላከ። አራት ቀን ሥራ ቆመ።

እኔና ጋሼ ደመወዝተኞች ነን፤ ምንም አልቀረብንም። ፕሪዝም፣ ማለትም የመሣሪያውን ጨረር የሚመልሰውን መስታወት፣ የሚይዙትና ችካል የሚመቱት ሁለት ወጣቶች ግን የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ኮንቴይነሩ ጥግ ተጠልለው ጠበቁ። አንደኛው ያደረገው የተሰነጠቀ ኮንጎ ጫማ ነበር፤ ጭቃው በስንጥቁ እየገባ ጣቶቹን አልብሷቸዋል። የእኔ ሦስት ጥንድ ጫማ ከበስተኋላዬ ሻንጣ ውስጥ ተደርድሯል። የአራት ቀን እንጀራቸውን የወሰደባቸው ያ ሻንጣ መሆኑን ሳስብ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

በእነዚያ ቀናት የጋሼን ቦርሳ ልብ ብዬ አየሁት። አንድ ቅያሪ ሱሪና ሸሚዝ፣ ሳሙና፣ ምላጭ፣ የላስቲክ ኩባያ፣ በከረጢት የታሰረ በሶ፣ ክር የተጠመጠመበት መርፌ ያለባት የክብሪት ቀፎ። ጋቢው ማታ ብርድ ልብሳቸው፣ ቀን ትራሳቸው፣ መንገድ ላይ የመሣሪያው ፍራሽ ነው። ዕቃው ጥቂት ስለሆነ በጨለማ እንኳ እጃቸውን ሰድደው የፈለጉትን ያወጣሉ። ዛሬ ዕቃ መቀነስ ሲወደስ ስሰማ እስማማለሁ፤ እኔም የምኖረው እንደዚያ ነው። ነገር ግን አንድ ጫማ መርጦ መያዝና አንድ ጫማ ብቻ ማግኘት የተለያዩ መሆናቸውን ያንን ኮንጎ ጫማ ካየሁ ወዲህ አልረሳም።

ሻንጣውን በፒካፑ ወደ ቤት መለስኩት። ያስቀረሁት በአንዲት የጀርባ ቦርሳ የገባውን ብቻ ነው። አንዱን ጥንድ ጫማ ለወጣቱ ሰጠሁ፤ ትንሽ ሰፍቶታል፣ ጨርቅ ጠቅጥቆበት አደረገው። ደመወዝ ሲወጣ ደግሞ የአራቱን ቀን ክፍያ ለሁለቱም ከራሴ ሰጠኋቸው። እሱ ተቀበለኝ፤ ጓደኛው እንቢ አለ፤ ብለምነውም እንቢ አለ።

በአምስተኛው ቀን መሣሪያው መጣ። ከጠጠሩ ጫፍ ተቀብዬ ቦርሳዬን ጀርባዬ ላይ፣ ሳጥኑን በቀኝ እጄ ይዤ ተነሳሁ። ቦዩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ውኃው ጨምሯል። ወጣቱ ከማዶ ሆኖ እጁን ዘረጋልኝ፤ ግራ እጄ ባዶ ነበርና ያዝኩት።