መሃሉን እዩት
ዛሬ በርሚንግሃም፣ ከጨረታ በፊት ዕቃ በሚታይበት ሰዓት፣ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ባለ ሁለት አፈሙዝ የድሮ የአደን ጠመንጃ አነሱ። ሰደፉንም፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አበባም ዞር ብለው አላዩትም። በቀጥታ ጫፉን አዩና "ተቆርጧል" አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ሁለቱ ቧንቧዎች ወደ ጫፍ እየተጠጋጉ ሄደው መነካካት ነበረባቸው። እዚህ ግን መሃላቸው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ። በብየዳ ደፍነው ላዩን ጥቁር ቀለም ቀብተውታል! ከጥይቱ የሚበተኑትን ጥቃቅን እርሳሶች ሰብሰብ አድርጎ የሚያስወጣው የጫፉ ጥበትም አብሮ ተቆርጦ ሄዷል።

መቁረጡ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጫፉ ተጨርምቶ ይሆናል። የማይዋጥልኝ "እንደ ፋብሪካው" ተብሎ መቅረቡ ነው። (ቀለም ቀቢው ግን እጁ ይባረክ፣ ጎበዝ ነው።)

ሽማግሌው ይበልጥ የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው፦ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ላለው ጥይት የተሠራው የጥይት ማስገቢያ ቤት ለ70 እንዲሆን ተቦርቡሮ ግድግዳው ከሳስቶ እንደሆነ። እሱ በዓይን አይታይም፣ ይለካል። ለዚህ ነው ከሥር ያለውን ማህተም በባትሪ የሚፈልጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1813 የተቋቋመው የከተማዋ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ከለውጡ በኋላ እንደገና ፈትኖት ከሆነ ምልክቱ እዚያ አለ።