«ሌላ ቦታ ይሄዳሉ»

ረግረጋማ መሬት ተጠንፍፎ ለእርሻ ወይም ለግንባታ ሲውል፣ በውስጡ ይኖሩ ስለነበሩት እንስሳት የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ሌላ ቦታ ይሄዳሉ» የሚል መልስ ያገኛል። ወፍ ክንፍ አለውና መልሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን የሚሄድበት ቦታ አስቀድሞ በሌሎች የተያዘ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ጎድዊት የሚባለውን ረጅም መንቁር ያለው ወፍ እንመልከት። ከአላስካ ተነሥቶ ኒውዚላንድ እስኪደርስ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ዕረፍት ይበርራል፤ ለዚህም ሲዘጋጅ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉን ስብ ያደርጋል፣ የምግብ መፍጫ አካላቱም ይኮማተራሉ። ወደ መራቢያው ሲመለስ ግን በቻይናና በኮሪያ መካከል ባለው ቢጫ ባሕር ጭቃማ ዳርቻ አርፎ፣ ውሃው በሸሸ ቁጥር ትልና ቀንድ አውጣ እየለቀመ ስቡን መተካት አለበት። እንግዲህ መራቢያውም ሆነ ክረምቱን የሚያሳልፍበት ስፍራ ሳይነካ ቢቆይ እንኳ፣ መካከለኛው ማረፊያ ከጠፋ ጉዞው ይቋረጣል።

ይህ በግምት የቀረ ነገር አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ሴማንጉም በተባለው ስፍራ 33 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባሕር ግድብ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲዘጋ፣ ግሬት ኖት የተባሉት ወፎች በጉዟቸው መካከል በብዛት የሚያርፉበት ዳርቻ ከባሕሩ ተቆረጠ። የጠፉት ወፎች በአጎራባች ዳርቻዎች በዚያው ልክ አልታዩም፤ ቁጥራቸው በሚከርሙባት በአውስትራሊያም ቀነሰ። «ሌላ ቦታ» የተባለው አልነበረም ማለት ነው።

በተረፈው ውሃ ላይ ተጨናንቀው የሚሰፍሩትም ቢሆኑ ከአደጋ አይድኑም፤ የወፍ ኮሌራን የመሰሉ በሽታዎች በእንዲህ ያለው መጨናነቅ በፍጥነት ይዛመታሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የዓለም ረግረጋማ ቦታዎች ስፋት 35 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተገምቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስፋት ብቻውን የማይነግረን ነገር ነው። በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ ውሃ የሚይዝ፣ በካርታ ላይ እንኳ የማይሰፍር ትንሽ ኩሬ ለብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎች ከትልቅ ሐይቅ ይበልጣል፤ በየዓመቱ ስለሚደርቅ ዓሣ አይኖርበትም፣ ዓሣ ከሌለ ደግሞ እንቁላሎቹና እጮቹ ሳይበሉ የማደግ ዕድል ያገኛሉ። መድረቁ ለእኛ ጉድለት ቢመስለንም ለእነርሱ መጠለያ ነው። በአንዱ ኩሬ በድርቅ ያለቁትን ከጎረቤት ኩሬ የሚመጡ እንቁራሪቶች ይተኳቸዋል፤ መካከለኛው ሲደፈን ግን በቀሩት ሁለቱ መካከል ያለው መንገድ፣ እንቁራሪቷ ቆዳዋ ሳይደርቅ ልታቋርጠው ከምትችለው በላይ ይረዝማል።