«ኤምፒ4 ያጫውታል» ሲሉ

አዲስ ቲቪ ወይም ቦክስ ሲወጣ ካርቶኑ ላይ «ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ ያጫውታል» ተብሎ ይጻፋል። እነዚህ ምስልና ድምፅን አንድ ላይ የሚይዝ የመያዣ ስሞች ናቸው። ፋይሉን የሚያስከፍተው ወይም የሚያስቀረው ውስጡ ያለው ኮዴክ፣ ማለትም ምስሉና ድምፁ የተጨመቀበት ዘዴ ነው፤ የፋይሉን ስም ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 ብትለውጡ ውስጡ ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው አፕል ቲቪ ኤች.264 የሚባለውን የምስል ኮዴክ ይከፍታል ተባለ። ዝርዝሩ ግን በሴኮንድ እስከ 5 ሜጋቢት፣ 1280 በ720 ከሆነ ደግሞ 24 ፍሬም ብቻ ይል ነበር። 30 ፍሬም የፈለገ ወደ 960 በ540 መውረድ ነበረበት። ያኔ የሰው ኮምፒውተር የሞላው በዲቪኤክስ ኮዴክ የተጨመቀ ኤቪአይ ጭራሹን አልተካተተም።

ዛሬም ነገሩ ያው ነው። እምቢ ያለውን ፋይል ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ማጫወቻ ከፍታችሁ ኮንትሮልና ጄ ተጫኑ፤ የምስሉና የድምፁ ኮዴክ ተዘርዝሮ ይመጣል።

ምስል ኖሮ ድምፅ ከጠፋ መጀመሪያ ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ኮዴክ ጠርጥሩ። ሳምሰንግ ለምሳሌ ከእ.ኤ.አ. 2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን አስወጥቷል። እዚህ ላይ ሙሉውን ፊልም እንደገና መጭመቅ ሞኝነት ነው፦ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ምስሉን እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ድምፁን ብቻ ወደ ሌላ የድምፅ ኮዴክ፣ ወደ ኤሲ3፣ በ640 ኪሎቢት ቀይሩ። በደቂቃዎች ያልቃል፣ የምስሉም ጥራት አይነካም።

ድምፅ ኖሮ ምስሉ ከጠቆረ ወይም ከተበጣጠሰ ኤች.264ው ባለ 10 ቢት (ቀለሙ በ10 ቢት የተመዘገበ) ሊሆን ይችላል፤ የቲቪ ቺፖች አብዛኞቹ የሚፈቱት ባለ 8 ቢቱን ነው። ለዚህ ማምለጫ የለም፣ ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም እንደገና መጭመቅ ነው፦ ኤች.264 ባለ 8 ቢት፣ ሌቭል 4.1፣ ጥራቱ አርኤፍ 20።

ባለ 64 ጂቢ ፍላሽ ባዶ ሆኖ ሳለ ፋይሉ አልገባም ካለ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ነው፤ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ይህ ገደብ ወደሌለበት ኤክስፋት ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሪሲቨራችሁ ኤክስፋት ማንበቡን በትንሽ ፍላሽ ሞክሩ። ፎርማት ያለውን ሁሉ ያጠፋል።

የአማርኛ ሰብታይትል ብቻውን የሚያስቸግር ጣጣ አለው። የሰብታይትሉን ጽሑፍ የያዘውን ኤስአርቲ ፋይል የአማርኛ ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ በዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርጋችሁም ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከቀረ ቲቪው የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። ያኔ ሃንድብሬክ ውስጥ የሰብታይትሉን «በርን ኢን» ምልክት አድርጋችሁ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሙት። አንዴ ከታተመ አይነሳምና ዋናውን ፋይል አታጥፉት።