ጄቱ ሲዘገይ ሰማዩን ማን ይጠብቃል?

ስሎቫኪያ እ.ኤ.አ. በ2018 14 ኤፍ-16 የአሜሪካ ተዋጊ ጄቶች አዘዘች፤ የመጀመሪያዎቹ አገሯ የገቡት ግን በ2024 ነው። አሮጌዎቹን የሶቪየት ሥሪት ተዋጊ ጄቶቿን፣ ሚግ-29ዎቹን፣ በ2022 ከበረራ ስላስወጣች በመሃሉ ሰማይዋን የጠበቁላት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ እነ ቼክና ፖላንድ።

እንዲህ ያለ ጎረቤት የሌለው አገር አሮጌውን ማቆየት ይቀናዋል። እዚህ ላይ ቀድሞ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ነው። ሚግ-29 ሁለት ሞተር አለው፤ የአንዱ የተፈቀደ የበረራ ሰዓት ካለቀ ሌላው ደህና ቢሆንም አውሮፕላኑ አይነሳም። ያኔ ከአንዱ ጄት እየፈቱ ሌላው ላይ መግጠም ይጀመራል። ለጊዜው ያስኬዳል፣ ግን የሚበሩት ቁጥር እያነሰ ይሄዳል።

ኪራይ የተሻለ ይመስለኛል። ቼክ በ2005 ግሪፔን የተባሉ 14 ተዋጊ ጄቶች ከስዊድን ተከራይታለች። ችግሩ ሥልጠናው ነው፦ አብራሪውም መካኒኩም ለኪራዩ ይሠለጥናል፣ የታዘዘው ሲመጣ ደግሞ እንደገና። ስለዚህ ከተገኘ፣ የታዘዘውኑ ዓይነት አሮጌ ሞዴል መከራየት ነው የሚያዋጣው።