አልፈታም ያለ የኦክስጅን ሴንሰር

ጭስ ማውጫ ላይ ዓመታት የቆየ የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ) በቁልፍ ንቅንቅ አልል ቢል አይገርምም። ቧንቧው ሞተር በተነሳ ቁጥር ይግላል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበት ጥርሱ (እንደ ብሎን የሚጠመዘዘው ክፍል) መሃል ይገባና ዝገቱ ሁለቱን ብረቶች ያጣብቃቸዋል። የሚጣለው ሴንሰር ቢሰበር ግድ የለም። የሚያሳስበው ቧንቧው ላይ የተበየደው መቀበያ ነው፤ የእሱ ጥርስ ከተበላ ጉዳዩ ወደ በያጅ ይሄዳል።

ከዋዜማው፣ ቧንቧው ቀዝቃዛ እያለ፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ሥሩ ላይ ረጭተው ይተዉት፤ በጋለ ብረት ላይ ከተረጨ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። በማግስቱ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነስተው ያጥፉና ጓንት አድርገው ይሞክሩ።

አብዛኞቹ ሴንሰሮች 22 ሚሊሜትር ቁልፍ ይይዛሉ፤ ጥርሳቸው ኤም18 በ1.5 ነው፤ ማለትም ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር። ለሽቦው ማለፊያ ጎኑ የተሰነጠቀው ቡሶላ (ሴንሰሩ ላይ የሚጠለቅ ክብ ቁልፍ) ለላላ ሴንሰር ጥሩ ነው፤ ጠንከር ሲሉበት ግን አፉ ይከፈትና የሴንሰሩን ማዕዘን ያሟልጨዋል። አሮጌው የሚጣል ከሆነ ሽቦውን ቆርጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ረጅም ቡሶላ ከረጅም እጀታ ጋር ይጠቀሙ።

ብዙ ጥርስ የሚበላው ሴንሰሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው። ሩብ ዙር ዞሮ እንደገና ከጠበቀ መግፋትዎን ያቁሙ! የተፈረፈረው ዝገት ጥርሱ መሃል ታምቋል፤ በጉልበት ከቀጠሉ የመቀበያውን ብረት እየፋቀ ይወጣል። ወደ ማጥበቂያው ትንሽ ይመልሱት፣ ዘይት ይጨምሩ፣ ከበፊቱ ጥቂት አልፈው ይፍቱ፣ ደግመው ይመልሱ። አሰልቺ ነው፤ ከብየዳ ግን ይሻላል።

ጭራሽ እምቢ ካለ ዘይቱን በደንብ ጠርገው በእሳት ያግሉት። ነበልባሉ የሚያርፈው መቀበያው ላይ ነው፤ ዙሪያው ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ወዲያው ይፍቱ። የነዳጅ መስመር፣ ሽቦ ወይም ጎማ አጠገቡ ካለ ይህን አይሞክሩት፤ የእሳት ማጥፊያም በእጅዎ ይሁን።

ከወጣ በኋላ የመቀበያውን ጥርስ ለማጽዳት ልኩ ከሴንሰሩ ጥርስ ጋር አንድ የሆነ ጥርስ ማጽጃ መሣሪያ ላይ ግሪስ ቀብተው በእጅ እያዞሩ ያስገቡ፤ ግሪሱ ፍርፋሪው ቧንቧ ውስጥ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ከሄደ የጥርስ መጠገኛ ቀለበት ወይም አዲስ መቀበያ ማስበየድ ነው።

አዲሱ ሴንሰር ብዙ ጊዜ ጥርሱ ተቀብቶ ይመጣል፤ ካልተቀባ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የፀረ መጣበቅ ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ ስስ አድርገው ይቀቡ። ጫፉን ከነካው ንባቡን ያበላሻል። ሲሊኮን ደግሞ ጨርሶ አይቅረበው። እስኪቀመጥ ድረስ በጣት ያስገቡት፤ በጣት ካልገባ ጥርሱ ገና አልጸዳም። የማጥበቂያው ኃይል እንደ መኪናው ይለያያል፣ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ነው። ሽቦው ሳይጠማዘዝና ቧንቧውን ሳይነካ ይሰር፤ ሞተሩ ሲነሳ መቀበያው ዙሪያ የጭስ ሽውታ ካለ ከውጭ የሚገባው አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋል።